ለመስቀል የደወለው ደወል

መምህር ተካ የሞቱት በመስቀል ሰሞን፣ በእርዱ ዕለት ጠዋት ነው። በጉራጌው በቸሃ ምድር በዚያን ዕለት መሞት ለሟችም ለቀባሪም አይመችም፤ ወንዱ ቢላዋውን ስሎ በሬውን ከቧል፣ ሴቱ ቅቤ ያነጥራል፣ አዲስ አበባ የሚነግደው ልጅ ሁሉ ገብቷል። ሽማግሌው ከትምህርት ቤቱ ግድግዳ ሥር፣ ከባድ የነሐስ ደወል ደረታቸው ላይ ወድቆ ሲያጣጥሩ፣ የደወሉን ድምፅ መንደሩ ሁሉ ሰምቷል። አንድ ጊዜ ጓ አለና ዝም አለ። የሰማውም «መስቀል ነው» ብሎ ወደ ሥጋው ተመለሰ። የተገኙት ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ፣ ምግብ አብሳያቸው ብርቄ ክትፏቸውን በጣባ ይዛ ስትፈልጋቸው ነው።

ወልቂጤ ላይ የበዓል ተረኛዋ ኢንስፔክተር ነዒማ ነበረች። ክርስቲያን ባልደረቦቿ መስቀል በመጣ ቁጥር «ነዒማ አለችልን» ብለው በየአገራቸው ይበተናሉ፤ እሷም በዒድ ትበቀላቸዋለች። ቡታጅራ የተወለደች የመስቃን ልጅ ናት፤ ድምፅዋ ዝግ ያለ፣ ሰው ሲዋሻት ዓይኗን ወደ መሬት የምትጥል፤ ስለ ውሸታሙ እሷ የምታፍርለት ይመስላል። የስልኩ መልእክት አጭር ነበር፤ «እንዘረ፣ ከእምድብር ወጣ ብሎ፣ የአሮጌው ትምህርት ቤት ደወል ሰው ገድሏል፤ አደጋ ነው፤ መጥተሽ ፈርሚልን»። በማግስቱ ረፋድ ላይ ደረሰች። ሳታይ መፈረም ግን ልማዷ አልነበረም።

የእንዘረ ትምህርት ቤት በእንሰት መሃል የበቀለ የእንግሊዝ መንደር ነው። በጃንሆይ ጊዜ አንድ እንግሊዛዊ ግንበኛ መጥቶ፣ ቪክቶሪያ በምትባለው ንግሥታቸው ዘመን የታነፀውን የልጅነት ትምህርት ቤቱን በልቡ ይዞት ኖሮ፣ ያንኑ በቸሃ ድንጋይ ገለበጠው። ጣሪያው ሽቅብ ሾሏል። መስኮቶቹ ረጃጅም ናቸው፤ የታችኛው ጠርዛቸው ግን ከሰው ራስ በላይ ነው፣ ልጅ ወደ ውጭ እያየ እንዳይዘናጋ። በሮቹ ሁለት ናቸው፤ በአንዱ አናት ላይ «ወንዶች»፣ በሌላው ላይ «ሴቶች» የሚል ጽሑፍ ድንጋዩ ላይ ተፈልፍሏል። ከሁለቱ በሮች መሃል የሚነሳ ረጅም ግንብ ግቢውን እስከ መውጫው ድረስ ለሁለት ይከፍለዋል። ከመማሪያው ጎን የመምህሩ መኖሪያ ተጣብቆ ቆሟል፤ ሁለቱ በሚገናኙበት ላይ፣ ከጣሪያው በላይ፣ በድንጋይ ቅስት ውስጥ ደወሉ ተሰቅሎ ነበር። ያገሩ ሰው ሕንፃውን ይኮራበታል፣ አያምነውም ግን። «ምሰሶ የለውም» ይላል። ጉራጌ ቤቱን በመሃል ምሰሶ ነው የሚያቆመው፤ ምሰሶ የሌለው ቤት ምን ደግፎት እንደቆመ ማን ያውቃል።

በር ላይ የተቀበላት ሸረፋ ነበር። የቡታጅራ ሥራ ተቋራጭና የአዲሱ ትምህርት ቤት ግንባታ ኮሚቴ ሰብሳቢ ነው፤ ሆዱ ከእሱ ቀድሞ ሰላም የሚል ሰው።

«አሰላሙ አለይኩም እህቴ። በበዓል ምድር አንገላታንሽ።»

«ወአለይኩሙ ሰላም። በዓሉ የእኔም የአንተም አይደለም፣ ምን ቸገረን።»

«ይሄ ግንብ ሰው ይበላል ብዬ ስንቴ ተናገርኩ። በይ ፈርሚልንና ሰኞ ዶዘሩ ይግባ፣ ድንጋዩንም እንገላገል።»

«ሟቹ ይስማሙ ነበር?»

ሸረፋ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። «የሚገርመው እሱ ነው። ዕድሜ ልካቸውን ‹እኔን ቀብራችሁ አፍርሱት› ሲሉ ኖረው፣ ጳጉሜ ላይ በስብሰባ ብድግ ብለው ‹ይፍረስ፣ ቶሎ ይፍረስ› አሉ። እኔ ራሴ ጆሮዬን ተጠራጠርኩት።»

ነዒማ ደወሉ ከወደቀበት ጎን ተንበረከከች። ሁለቱ የደወሉ ማንጠልጠያ ብሎኖች እዚያው ላዩ ላይ ነበሩ፤ አልተሰበሩም፣ ጥርሳቸውም አልተበላም። ብሎኖቹን የሚያጠብቁት ዳዶዎች ግን የሉም። ጎንበስ ብላ አሸተተቻቸው።

«ላምባ» አለች። «ሸረፋ፣ አንተ ብረት የምታውቅ ሰው ነህ። ዝገት ዳዶ ይፈታል?»

«ዝገትማ ያጠብቃል።»

«እኔም እንደዚያ ነበር የማውቀው።» ከደወሉ ጆሮ ላይ አንድ የቃጫ ገመድ ቁራጭ ነቅላ አሳየችው። «ዳዶውን በላምባ አርሶ የፈታው ሰው፣ ደወሉን በዚህ አስሮ ትቶታል። ዝም ብሎ ከተቀመጠ ይይዘዋል፤ ገመዱን ለሚጎትት ግን አይይዝለትም። ገመዱን የሚጎትተው ማነው?»

«ከእሳቸው በቀር ማንም አይነካውም። ጡረታ ወጥተውም በየጠዋቱ፣ በበዓልም ቢሆን፣ ራሳቸው ናቸው የሚደውሉት።» የሸረፋ ፊት ላይ የነበረው ፈገግታ ጠፋ። ስለ ዶዘሩም በዚያን ቀን ደግሞ አላነሳም።

በሟቹ ሳሎን ለቅሶ ተቀምጠው የነበሩት ጥቂት ናቸው። ርእሰ መምህርቷ ሰርካለም እግሯን ዘርግታ፣ ሊወለድ የደረሰ ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ ተቀምጣለች። ከጎኗ ሕንፃውን በቅርስነት ለማስመዝገብ ከአዲስ አበባ መጥቶ የሚለካው ኢዮብ አለ፣ ትከሻው በር የሚሞላ ወጣት አርክቴክት። ጥግ ላይ አደይ፤ አርባዎቹን የጀመረች፣ ነፋስ የሚወስዳት የምትመስል ቀጭን የአንደኛ ክፍል አስተማሪ። ብርቄ የታመመ ጉልበቷን እየጎተተች ቆጮና ክትፎ አቀረበች፤ ለሸረፋና ለነዒማ ደግሞ ሥጋ ያልነካው አይብና ጎመን በአዲስ ጣባ።

ነዒማ ምርመራ ከያዘችበት ቤት እህል አትቀምስም። የሰው ፊት ላለማስቀየም ግን ሁልጊዜ የምታመካኘው አንድ ነው። «እትዬ ብርቄ፣ እጅሽ ይባረክ፤ ጨጓራዬ ነው።»

«እኔም ጨጓራዬ» አለች አደይ፣ ጣባውን ወደ ኢዮብ እየገፋች።

ነዒማ ቀና ብላ አየቻት። በአንድ ሳሎን ሁለት ጨጓራ ነበር፤ አንደኛው ውሸት መሆኑን በእርግጥ ታውቃለች፣ የራሷ ነውና።

አንድ በአንድ ወደ ጓዳው እየጠራች አነጋገረቻቸው። መጀመሪያ የገባችው ሰርካለም ናት።

«ይሄ ቤት የርእሰ መምህር መኖሪያ ነው» አለች ሳትጠየቅ። «እሳቸው ግን ጡረታ ወጥተውም አልለቀቁም። እኔ ይህን ሆድ ይዤ በኪራይ ክፍል እኖራለሁ። እጠላቸው ነበር፤ ሰው ይነግርሻል፣ እኔ ልቅደም።»

«ደወሉ ሲወድቅ የት ነበርሽ?»

«የአደይ እናት ቤት። ጎረቤት ነኝ፤ ሁላችንም ክትፎ ላይ ነበርን። አደይማ ሚጥሚጣውን አብዝታ አብዝታ... ሆዴ ውስጥ ያለው ሁሉ እስኪያምረው።»

«አደይ ሚጥሚጣ ትወዳለች?»

«ድሮም። ምን የማትወደው አለ?»

ነዒማ ዓይኗን ወደ መሬት አልጣለችም። ሰርካለም እውነቷን ነው።

ኢዮብ ሲገባ ላብ አጥምቆት ነበር። «ቀድሜ ልናገር» አለ። «እንደተጣላን ሁሉም ሰምቷል። ‹በላይዎ ላይ ይፍረስ› ብያቸዋለሁ። አፌ ነው።»

«ያጣላችሁ ምንድነው?»

«መለካቴ። ሕንፃውን ከውጭ ስለካውና ከውስጥ ስለካው አልገጥም አለኝ። በመማሪያውና በዚህ ቤት መሃል አንድ ሰው የሚያስተኛ ቦታ ጠፋብኝ። ነሐሴ ላይ፣ እሳቸው ለሕክምና ወልቂጤ ሄደው ሳለ፣ ከአደይና ከሠራተኞች ጋር ሆነን ልስኑን ብንፈቅፈው ትንሽ በር ወጣ። የቅጣት ክፍል ነው፤ እንግሊዞቹ እንዲህ ዓይነት ይሠሩ ነበር። መስኮት የለውም። ድሮ የደወሉ ገመድ ወደዚያ ነበር የሚወርደው፤ አሁን በውጭ በኩል ነው። ግድግዳው ላይ፣ በጣሪያው ቀዳዳ አድርጎ ወደ ደወሉ የሚያወጣ የብረት መወጣጫ አለ።»

«ሌላስ?»

«አንድ ቀይ ዶቃ፤ አውጥቼ የዚህ ቤት መስኮት ላይ አስቀምጬው ጠፋ። መምህር ተካ ተመልሰው ክፍት በሩን ሲያዩ ፊታቸው አመድ መሰለ። ‹ማን ክፈት አለህ?› ብቻ ነው ያሉት። ከዚያ ይፍረስ አሉ።»

«አንተ ወደ ደወሉ ወጥተሃል?»

«በውጭ፣ በመሰላል። ከበዓሉ በፊት መሰላሉን ወልቂጤ መልሼዋለሁ። በውስጥ ሞክሬ ትከሻዬ ቀዳዳው ላይ ተሰንቅሮ ሠራተኞቹ በእግሬ ነው ጎትተው ያወረዱኝ።»

አደይ ስትገባ እጇን እንደ ተማሪ አጣጥፋ ተቀመጠች። ከአንገቷ የወረደው ጥቁር ማተብ ልብሷ ውስጥ ተደብቋል።

«መምህር ተካ ምንሽ ነበሩ?»

«ያሳደጉኝ ናቸው። ድሃ ነበርን፤ ደብተሬን እየገዙ አስተማሩኝ፣ ማሠልጠኛ አስገቡኝ፣ እዚሁ አስቀጠሩኝ። ምሳዬን በየቀኑ ከእሳቸው ጋር ነበር የምበላው።»

«ደግ ሰው ነበሩ ማለት ነው።»

«ደግ ነበሩ ይባላል» አለች አደይ።

ነዒማ ያቺን «ይባላል» የምትለዋን ቃል ልብ አለቻት። ያሳደገውን ሰው ደግነት ከሌላ አፍ እንደሰማ አድርጎ የሚያወራ ልጅ አይታ አታውቅም።

ወጥ ቤት ውስጥ ብርቄን አገኘቻት። እንደ አሮጊቶች ሁሉ ብርቄ ሲጠይቋት ትዘጋለች፣ ዝም ሲሏት ትከፍታለች። ነዒማ ዝም አለች።

«አደይ ጨጓራዋ ባሰባት፣ ልጄ» አለች ብርቄ ቆይታ። «ነሐሴ ላይ፣ ፍልሰታ ሲፈታ፣ ዶሮ ሠርቼ ጠራኋት፤ እምቢ። ከዚያ ወዲህ ከዚህ ቤት ውኃ እንኳ አልጠጣችም። ድሮ እኮ ድስቴን ነበር የምትጠርግ።»

«ወንድም እህት የላትም?»

«ዘበርጋ የሚባል ወንድም ነበራት፣ ታናሿ፤ ገና ልጅ ሳለ ሞተ። ምስኪን። መምህር ተካ ለበዓሉ አገራቸው ጉንችሬ ሄደው፣ ሰው በሌለበት ነሐሱን ሊሰርቅ ደወሉ ላይ ወጣ፤ ወደቀ። በዓሉ ሲያልቅ ሲመለሱ ከግንቡ ሥር አገኙት። ይኸው እናቱ እስከ ዛሬ በሠርግም በለቅሶም አንገቷን ደፍታ ነው፤ የሌባ እናት ናታ።» ብርቄ ማማሰያውን እያንኳኳች ፈገግ አለች። «ያ መስቀል ግን ደስ ይል ነበር። ደወሉ ለመስቀል የደወለበት ዓመት እንለዋለን። ሲነጋም ሲመሽም ይደወላል። ‹ትምህርት ቤቱም አከበረልን› አልን። እየጨፈርን ከበሮ መታንበት።»

ነዒማ ቀስ ብላ ጠየቀች። «እትዬ ብርቄ። መምህሩ ጉንችሬ ከነበሩ፣ ደወሉን የደወለው ማነው?»

ብርቄ ማማሰያዋን እንደያዘች ቀረች። ወጡ ፈልቶ እሳቱ ላይ ፈሰሰ፣ አላነሳችውም። ሠላሳ ዓመት አልፎት፣ ይህን ጥያቄ አንድ ሰው እንኳ አልጠየቀም ነበር።

ነዒማ ባትሪዋን ይዛ ወደ ትንሿ ክፍል ገባች። የበሩ የውስጥ ገጽ ተቧጭሯል። ከላይ፣ የቆመ ልጅ እጅ በሚደርስበት፣ ጥልቅ ጭረቶች አሉ። ከዚያ ዝቅ ብሎ፣ የተንበረከከ ልጅ በሚደርስበት፣ ሌሎች። ከታች፣ ከወለሉ አጠገብ፣ እንደ ዶሮ ጭረት የሳሱ ጥቂት መስመሮች። በብረት መወጣጫው ላይ የዘመናት አቧራ ተጠርጓል፤ አንዱ ላይ የቃጫ ጭራ ተንጠልጥሏል። ወጣች፣ ቀዳዳው ላይ ትከሻዋን አዙራ፣ ትንፋሿን ይዛ፣ ተፋትጋ አለፈች። ደወሉ የነበረበት ቅስት ሥር ተቀምጣ መንደሩን አየች። ከየቤቱ ጭስ ይወጣል፣ ከበሮ ይሰማል። እውነቱን ለመናገር ነዒማ በዚያች ሰዓት ተካ የሚባለውን ሰው ራሷ መግደል አማራት። ሰው ቀድሟታል እንጂ።

አደጋ ነው ብላ ብትፈርም ማንም አይጠይቃትም ነበር። ሰኞ ዶዘሩ ይገባል፣ በሩም ጭረቱም አፈር ይሆናል፣ ገዳይም ነፃ ይወጣል። ዘበርጋ ግን ለዘላለም ሌባ ሆኖ ይቀራል። ነዒማ ይህን አስልታ ወረደች።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ወደ መማሪያ ክፍሉ ጠራች። ሽማግሌዎችም መጡ፤ የአደይን እናት ደግሞ ሰው ደግፎ አመጣት። ማንም ሳያዝ ወንዶቹ በወንዶች በር፣ ሴቶቹ በሴቶች በር ገቡ። ትልልቅ ሰዎች በልጆች አግዳሚ ላይ ጉልበታቸው አገጫቸው ደርሶ ተቀመጡ። እናትየው አንገቷን እንደደፋች ነበረች።

«መምህር ተካ ተገድለዋል» አለች ነዒማ። «ዳዶዎቹ ተፈተዋል። ፈቺው በውጭ አልወጣም፤ መሰላል የለም፣ ግንቡም አያስወጣም። የወጣው በዚህች ክፍል ነው። ቀዳዳዋን እኔ በግድ ነው ያለፍኳት።»

«እኔ እንኳን በቀዳዳው፣ በዚህ በር የገባሁትም በጎኔ ነው» አለ ሸረፋ። ማንም አልሳቀም።

«አንተ የምትገድልበት ምክንያትም የለህም። ሟቹ ይፍረስ ብለውልሃል። ኢዮብ ምክንያት አለው፣ ትከሻው ግን አያልፍም። ሰርካለም ከነልጇ አታልፍም፤ እትዬ ብርቄ በዚያ ጉልበት መወጣጫ አትወጣም። እንግዲህ ሌላ ነገር ልጠይቅ። ይህን ሕንፃ ከራሳቸው አብልጠው የሚወዱ ሰው፣ አንዲት በር በተከፈተች ወር ሳይሞላ ለምን ይፍረስ አሉ?»

መልሱን ራሷ ቀጠለች።

«በሩን ቀድሞ ያስለሰኑት እሳቸው ስለሆኑ ነው። ዘበርጋ ከደወሉ ላይ አልወደቀም። ለበዓሉ ትምህርት ቤት ሲዘጋ እዚያ ቆልፈውበት፣ ረስተውት ጉንችሬ ሄዱ። ልጁ ያገኘው ነገር የደወል ገመድ ብቻ ነው። ስለዚህ ደወለ። እናንተም ሰማችሁ።» ድምፅዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ሻከረ። «ቆሞ ቧጨረ፣ ተንበርክኮ ቧጨረ፣ ተኝቶ ቧጨረ። ሄዳችሁ እዩት። ሲመለሱ ሞቶ አገኙት፤ አውጥተው ከግንቡ ሥር አጋደሙት፣ ሌባም አሉት።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጋቢውን ፊቱ ላይ ሳበ። ብርቄ ማልቀስ ጀምራለች። ነዒማ ወደ እናትየው ዞረች።

«እናቴ፣ ለልጅዎ ከማተቡ ጋር ምን አስረውለት ነበር?»

«ቀይ ዶቃ» አለች አሮጊቷ ከደፋችበት። «ስንገንዘው አንገቱ ላይ አልነበረም።»

«ዶቃው ከዚያች ክፍል ተገኝቶ ጠፍቷል። ከዚያን ሳምንት ጀምሮ አንድ ሰው ከዚህ ቤት እህል ውኃ አልቀመሰም። ጨጓራዬ ይላል። ያው ሰው በእርዱ ጠዋት እናቱ ቤት ክትፎ በሚጥሚጣ በልቷል። እኔ መስቃን ነኝ፣ አያቴ ግን ሽማግሌ ነበሩ፤ የእናንተንም ሕግ አውቃለሁ። ደም ካለበት ቤት፣ ደሙ ሳይታረቅ፣ እህል አይቀመስም። የሰው ነፍስ ለማጥፋት የማይፈራ ሰው ያን ሕግ ለማፍረስ ግን ፈራ። ወጥመድ ያጠመደ ደግሞ ሲይዝለት እዚያ መቆም አያስፈልገውም።»

አደይ ሳይነግሯት እጇን ወደ አንገቷ ሰደደች። ማተቡን አወጣችው። ዶቃው ቀይ ነበር።

«በዋዜማው፣ ሁሉ ገበያ ሲወጣ ነው የወጣሁት» አለች። ለተማሪ የምታስረዳ ያህል ረጋ ብላ ነበር የምትናገረው። «ልጆች ገብተው ቢሆን አላደርገውም፤ በዓሉን የጠበቅሁት ለዚያ ነው። ያን ቀን ዘበርጋ በሴቶች በር ገባብኝ። ‹ለበዓሉ ወደ አያታችን ቤት መሄዴ ነው› ሊለኝ ነው። በሴቶች በር በመግባቱ መምህር ተካ ጆሮውን ይዘው ወሰዱት። እኔ በሴቶች በር ወጣሁ። በአንድ በር የምንወጣ ቢሆን ኖሮ አለመውጣቱን አይ ነበር። ግንቡ ጋረደኝ። አያታችን ዘንድ ነው ብለን በዓላችንን በላን።»

«ለምን ለሽማግሌ አልተናገርሽም?» አሉ ከሽማግሌዎቹ አንዱ።

«ለራሳቸው ለመምህር ተካ ነገርኳቸው። በመስቀል ሽማግሌ ሲቀመጥ ተናገሩ፣ ለእናቴ ‹ልጅሽ ሌባ አልነበረም› በሏት፣ ሌላ አልፈልግም አልኩ። አለቀሱ። ‹ያስተማርኩሽ ለእሱ ካሳ ነው፣ ይበቃናል፤ ግንቡ ይፍረስና ይረሳል› አሉኝ። ወንድሜን በደብተር ካሱት። ያኔ ቆረጥኩ።»

ነዒማ ወደ ሸረፋ ዞረች። «ይህ ሕንፃ ማስረጃ ነው። ፍርድ እስኪሰጥ አንድ ድንጋይ ማንም አይነካም።»

«ወላሂ እኔም አልነካውም» አለ ሸረፋ፣ ግንባሩን እየጠረገ።

አደይ ተነስታ ወደ ብርቄ ዞረች። «እትዬ ብርቄ፣ አሁን ውኃ ስጪኝ። ከዚህ ቤት።»

ብርቄ ጣሳውን አንስታ፣ አይታት፣ መልሳ አስቀመጠችው። «አልችልም፣ ልጄ» አለች እንባዋን እየዋጠች። «አሁን ደግሞ የእሳቸው ደም አንቺ ላይ ነው።»

ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ነቀነቁ፤ ሕጉ እንደዚያ ነው። በዚያ መሃል የአደይ እናት ከአግዳሚው ተነሳች። የሚደግፋትን እጅ ገፋችው። በዓይኗ ሁሉንም አንድ በአንድ አየች፤ ዘመዷን፣ ጎረቤቷን፣ በሠርግ ከጥግ ያስቀመጧትን ሁሉ። ከዚያ በሴቶች በር መውጣት ትታ በወንዶች በር፣ ልጇ ሳይወጣበት በቀረው በር፣ አንገቷን ቀና አድርጋ ወጣች። መንገድ ያልለቀቀላት አልነበረም።

መኪናው አደይን ይዞ ወደ ወልቂጤ ሲያዘግም ነዒማ ከራሷ ኮዳ ውኃ አጠጣቻት። አደይ እስከ መጨረሻው ጠጣች።

«አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ» አለች ነዒማ። «አስከሬኑን ያየው ሐኪም ቶሎ አልሞቱም ብሏል። ደወሉ ጓ ሲል ሰምተሻል። ብትሄጂ ይተርፉ ነበር። ምን አደረግሽ?»

አደይ በመስኮቱ ወደ እንሰቱ አየች።

«ያኔም ዘበርጋ ሲደውል አፌ ውስጥ ሥጋ ነበር» አለች። «ምን እንደሆነ ሳላውቅ ዋጥኩት። አሁን አውቄ ዋጥኩት።»